ክቡር ይገጥማል እና የልጃቸው የቤንዚን ጌጅ

በየቤተሰቡ አንድ "ይገጥማል" የሚል ሰው አይጠፋም። እናንተም ቤት አለ፤ ምናልባት ይህን ስታነቡ እሱ ጓሮ ቆሞ የፍሪጁን እግር በመጥረጊያ እንጨት እየተካ ይሆናል። ይህ ሰው ፈጣሪ ዓለምን ሲሠራ እያንዳንዱን ዕቃ ለሌላ ዕቃ መለዋወጫ እንዲሆን አስቦ ነው የሠራው ብሎ ያምናል። ለእሱ የተበላሸ ነገር የሚባል የለም፤ ያለው ገና ጓደኛውን ያላገኘ ነገር ነው። ቆሻሻ ልንጥል ስንወጣ በሩ ላይ ካገኘን አለቀልን፤ ግማሹን ተቀብሎ ወደ ቤቱ ይመለሳል።

የዚህ ወገን ሊቀመንበርና የዕድሜ ልክ የክብር ፕሬዚዳንት አንድ ጡረታ የወጡ ልብስ ሰፊ ናቸው። ሰፈሩ "ጋሽ ይገጥማል" ይላቸዋል። ለማዕረጋቸው ግን "ጋሽ" ያንሳል፤ ስለዚህ እዚህ ክቡር ይገጥማል እየተባሉ ይጠራሉ።

ክቡርነታቸው ቤት የሚገባ እንግዳ አስቀድሞ የቤቱን ሕግ መማር አለበት። የመታጠቢያ ቤቱ በር የሚከፈተው ከአሮጌ መኪና በተነቀለ የመስኮት ማውረጃ ነው። ወደ ግራ ሲያዞሩት ይከፈታል፣ ወደ ቀኝ ሲያዞሩት ተነቅሎ እጅ ላይ ይቀራል፤ ውስጥ ሆኖ ወደ ቀኝ ያዞረ ሰው ደግሞ የቤቱን ሰዎች በስም መጥራት ይጀምራል። የሳሎኑ ሰዓት ረጅሙ ዘንግ ከሌላ ሰዓት የመጣ ስለሆነ ክፈፉ ላይ ይያዛል። በአጠገቡ ያለፈ ሁሉ በጣቱ ገፋ ያደርግለታል። ካልተገፋ በዚያ ቤት ጊዜ አይሄድም።

"እኔም ለሌላ ሰው የታሰብኩ ሳልሆን አልቀርም" ይላሉ ባለቤታቸው፣ እንግዳ ሲበዛ። "ፊቴን ዞር ሳደርግ ይሄ ሰውዬ ገጠመኝ።"

ክቡርነታቸውም አይቆጡም። "ተሳሳትኩ እንዴ? ይኸው ገጥመሻል" ይላሉ።

አንዲት ልጃቸው አዋላጅ ነርስ ናት። ልጅነቷን በሙሉ የለበሰችው፣ የያዘችውና የተጫማችው ነገር ሁሉ ቀደም ሲል ሌላ ነገር ነበረ። የደብተር ቦርሳዋ ጃንጥላ ነበር። የጫማዋ ማሰሪያ የሻንጣ ነበር፤ ስትሮጥ ቀጭ ቀጭ ስለሚል ድብብቆሽ ተጫውታ አሸንፋ አታውቅም። ስለዚህ የራሷን ደመወዝ መብላት ስትጀምር አንድ ነገር ማለች፤ ከእንግዲህ ኦሪጅናል ያልሆነ ዕቃ እጇ አይገባም። ኦሪጅናል የሚለውን ቃል የምትጠራው ሌላ ሰው የእጮኛውን ስም በሚጠራበት ድምፅ ነበር።

አንድ ነገር ግን ከመሐላው አመለጠ። ወላዶቹ ዘንድ የምትደርስበት ሞተር ሳይክል ያገለገለ ነው፤ የቤንዚን ጌጁም ከገዛችው ቀን ጀምሮ ሞቷል። መርፌው ግማሽ ላይ ተኝቶ ቀርቷል። ቢሞላም ግማሽ፣ ቢደርቅም ግማሽ። አዋላጇ ጠዋት ጠዋት ሞተሯን ወዝወዝ እያደረገች፣ ጆሮዋን ሰልባትዮው ላይ፣ ማለትም የቤንዚኑ ማጠራቀሚያ ላይ ለጥፋ ድምፁን እየሰማች ትገምታለች። የነፍሰ ጡር ሆድ ማዳመጥ የለመደ ጆሮ ለቤንዚን ግን አልሆነም። አንድ ቀን ምጥ የያዛት ሴት ጋ ስትገሰግስ ሞተሯ ዳገት ላይ ጸጥ አለች። እየገፋች፣ ላቧ በጀርባዋ እየወረደ ደረሰች። ጎረቤቶች አዋልደው ጨርሰዋል፤ እናትም ልጅም ደህና ናቸው። እናቲቱ ግን ቀና ብላ "የት ነበርሽ?" አለቻት። ቁጣ አልነበረበትም፤ ጥያቄ ብቻ ነበር። እሱ ነው የከፋት።

የጤና ጣቢያዋ ኃላፊ ደግሞ በማግስቱ ጠርታ ቁርጡን ነገረቻት።

"ሁለተኛ መንገድ ላይ ከቀረሽ ካርድ ክፍል ነው የማስቀምጥሽ። ሌላ ሰው ይወጣል። ምጥ እኮ ቤንዚን አይጠብቅም።"

ካርድ ክፍል ጥሩ ክፍል ነው፣ ወንበሩም ይሽከረከራል። አዋላጇ ግን መንገዱን ትወደዋለች። ከሩቅ የሞተሯን ድምፅ ሰምተው በር ላይ የሚጠብቋትን ሴቶች ትወዳለች። ያ ከቀረባት ምን ይቀርላታል? ኦሪጅናል ጌጅ ፍለጋ መለዋወጫ ሱቅ ለሱቅ ዞረች። የመጨረሻው ባለ ሱቅ ሞተሯን ዞር ዞር ብሎ አያትና አዘነላት።

"እህቴ፣ ይቺን እኮ የሠራት ፋብሪካም ረስቷታል።"

ያን ዕለት ኩራቷን ዋጥ አድርጋ አባቷ ጋ ገባች።

"አባዬ፣ አንድ ነገር ልንገርህ። ግን እንዳትነካው።"

"ኧረ አልነካም! ልየው ብቻ።"

ክቡር ይገጥማል "ልየው ብቻ" ካሉ በዚያ ቤት ሥራው ተጀምሯል ማለት ነው። በማግስቱ ከአሮጌ ብረት ሻጭ ዘንድ ከሌላ፣ ከትልቅ ሞተር የተነቀለ ጌጅ ይዘው መጡ፤ ደረታቸው ላይ አቅፈው ነው ያመጡት።

"አባዬ፣ የኔ ሞተር ቀዳዳ ክብ ነው። ይሄ አራት ማዕዘን ነው።"

"ይገጥማል።"

"ገመዶቹም ቀለማቸው አይመሳሰልም።"

"እኔና እናትሽስ መቼ ተመሳሰልን? ይገጥማል።"

ቀዳዳውን በሞረድ አሰፉት። ዙሪያውን ዝናብ እንዳያስገባ ከአሮጌ ጃኬት ቆዳ ቆርጠው ለጌጁ ኮሌታ ሰፉለት፤ ስፌቱ አንድም ቦታ አልተዛነፈም። ያኔ ክቡርነታቸው ወደ ኋላ ራቅ ብለው አዩትና ሙሽራ የሸኙ ያህል ተነፈሱ። አዋላጇም ሳትወድ በግዷ ያምራል አለች።

ያምራል፣ ግን ይገለብጣል። ሙሉ ቤንዚን ይዛ ስትወጣ መርፌው ባዶ ላይ ነበር፤ ሥራ ውላ ስትመለስ ሊሞላ ምንም አልቀረውም። ለካስ የሁለቱ ሞተሮች አሠራር ተቃራኒ ነው። ሰፈሩም "ስትሄድ ቤንዚን የምታመርት ሞተር" ብሎ ሳቀ፤ አንዱ ጎረቤት ትርፉን እንድትሸጥለት ጠየቃት።

"ታዲያ ገልብጠሽ አታነቢውም?" አሉ ክቡርነታቸው።

"አባዬ፣ ሴትዮዋ እየጮኸች እኔ ቆሜ ልገለብጥ? ደግሜ ከቀረሁ እኮ ካርድ ክፍል ነኝ።"

ክቡር ይገጥማል ቀልድ ነበራቸው፣ ተዉት። ኮፍያቸውን አንስተው ወደ ብረት ሻጩ ተመለሱ። ሲመጡ የዚያን የትልቁን ሞተር የውስጥ ዕቃ ይዘዋል፤ ሰልባትዮ ውስጥ የሚገባ፣ ጫፉ ላይ ተንሳፋፊ ያለው ቀጭን ሽቦ ነው። ቤንዚኑ ሲወርድ ተንሳፋፊው አብሮ ይወርዳል፣ መርፌውም እሱን ይከተላል። ጌጁና ሽቦው የአንድ ቤት ልጆች ስለሆኑ አሁን ይግባባሉ። ችግሩ ትልቁ ሞተር ሰልባትዮው ጥልቅ ነው፤ ሽቦው ለልጃቸው ሞተር ይረዝማል፣ መታጠፍ አለበት።

የሽቦዋ ነገር ሰነበተ። በፒንሳ ያጥፏታል፣ ያስገቧታል፣ ቤንዚን ይጨምራሉ፣ መርፌውን ያያሉ፣ ያወጧታል፣ ደግሞ ያጥፏታል።

"አንተ ሰውዬ፣ ቤቱ እኮ ቤንዚን ቤንዚን ሸተተ!" አሉ ባለቤታቸው። "ለአንዲት ሽቦ ይሄ ሁሉ?"

"ልክ መሆን አለበታ" አሉ፣ ቀና ሳይሉ። የመታጠቢያ ቤቱን በርና የሰዓቱን ዘንግ የገጠሙት ሰው "ልክ" የሚለውን ቃል ሲናገሩ ሚስታቸው መጀመሪያ መስማታቸው ነበር።

በመጨረሻ ሆነ። ሲሞላ ሙሉ ይላል፣ ሲጎድል ይወርዳል። አዋላጇ መርፌውን አምና መንገዷን ቀጠለች፤ ወደ ዜሮ ሲጠጋ ትቀዳለች። ኃላፊዋም ስለ ካርድ ክፍል ማንሳት ተወች።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ከሩቅ ተደወለላት። የበኩር ልጅ ነው፣ ምጡ ፈጥኗል፣ ከሴትየዋ ጋር ያለችው አማቷ ብቻ ናት። መንገድ ላይ መርፌው ዜሮ ገባ። ማደያ ደረሰች፤ ቀጂው ገና ከሩቅ እጁን አወዛወዘ። ቤንዚን የለም።

ቆመች። ብትመለስ እዚያ ያለችው ሴት ከአማቷ በቀር ሰው የላትም። ብትቀጥል ከማደያው ወዲያ ቤት የለም፣ ሰውም የለም፤ ዳገት ላይ ከቀረች ደግሞ አለቀ፣ ካርድ ክፍል። ያ "የት ነበርሽ?" የሚለው ድምፅ ጆሮዋ ላይ መጣ። ሞተሯን አስነሳችና ሄደች። በእያንዳንዷ ዳገት "አሁን ጠፋች፣ በቃ አሁን" ትላለች። ሞተሯ አትጠፋም። ዳገቱ አለቀ፣ ሜዳው አለቀ፣ የሴትየዋ በር ላይ ደረሰች። ሞተሯ ያኔም አልጠፋችም፤ ራሷ ናት ያጠፋቻት። ሴት ልጅ ተወለደች። ስታለቅስ ድምፅዋ ለእሷ መጠን የተሠራ አይመስልም ነበር።

ስትመለስም መርፌው ዜሮ ላይ እንደተኛ ነው። እንደዚያው ቤት ገባች።

"አባዬ፣ ጌጅህ ይዋሻል! ዜሮ እያለ ሄድኩ፣ አዋለድኩ፣ ተመለስኩ።"

ክቡር ይገጥማል ይደሰታሉ ብላ ነበር። ፊታቸው ግን አመድ መሰለ።

"በዜሮ ሄድሽ? ማነው በዜሮ ሂጂ ያለሽ?"

"ንገራት እንግዲህ" አሉ ባለቤታቸው፣ አፋቸውን በነጠላቸው ሸፍነው እየሳቁ።

ሰውየው የሚያዩበት አጡ።

"የልጅ ልብስ ስሰፋ" አሉ ቀስ ብለው፣ "እጥፋቱ ውስጥ ጨርቅ እተዋለሁ። ልጅ ያድጋላ። ለልጁ ግን አልነግረውም፤ ከነገርኩት ዛሬውኑ ይተረትረዋል። ሽቦዋንም... ትንሽ አብልጬ ነው ያጠፍኳት፤ ሳያልቅ አለቀ እንድትል። አለቀ ስትልሽ እቤትሽ መግቢያ እንዳታጪ ብዬ ነው።"

ለአዋላጇ አባቷ ሲገጥሙ ለክተው የማያውቁ ሰው ይመስሏት ነበር። ለካስ ያን ሁሉ ቀን ፒንሳ ይዘው የሚለኩት የእሷን መንገድ ነው። ሳቋና እንባዋ እኩል መጡ። ተጠግታ የቤንዚን ሽታ ያልለቀቀውን ግንባራቸውን ሳመችው፤ ከትንሽ ልጅነቷ ወዲህ እንደዚያ ወዳቸው አታውቅም።

ክቡርነታቸው ግን አልተጽናኑም።

"አሁን አወቅሽ" አሉ። "ካወቅሽ ደግሞ ትሄጅበታለሽ። ስለዚህ ትርፍ የለሽም ማለት ነው።" እራታቸውንም በቅጡ አልበሉ።

በማግስቱ ጠዋት ስትወጣ ጓሮ ሞተሯ አጠገብ ቁጢጥ ብለው አገኘቻቸው። የሰልባትዮው ክዳን ተከፍቷል።

"ምን እየሠራህ ነው አባዬ?"

"ምንም። ብሎን ላልታ ነው።"

ፒንሳው ከጀርባቸው ይታያል። አዋላጇ አላየሁም አለች። ሰልባትዮው ውስጥ እንጨት ነክራ ስንት እንደቀረ መለካት ለእሷ ቀላል ነው፤ ግን አልለካችም። መለካቱ እሳቸው ጋ ይሁን ብላ ተወችው።

ከዚያ ወዲህ መርፌው ቶሎ ቶሎ ዜሮ ይገባል። እሷም ዜሮ ባለ ቁጥር ማደያ ትገባለች። በቀደም ቀጂው ክዳኑን ከፍቶ ወደ ውስጥ አየ፤ ከዚያ እሷን አየ።

"እህቴ፣ ገና ብዙ አለሽ እኮ። ባዶ ነው ያለሽ ማነው?"

"አባቴ" አለች። "ሙላው።"