በኮረሪማ ሙቀጫ የወቀጥሁት ኪኒን

ልጄ ይህን ገጽ ከከፈተችልኝ ሁለት ዓመት አልፎታል፤ አንዲት ቃል ጽፌበት አላውቅም። ዛሬ ግን እኔ ካልተናዘዝሁ፣ ክሊኒክ ውስጥ የነበሩት ሰዎች ቀድመውኝ ፖስት ያደርጉታል!

ሠላሳ አራት ዓመት ኬሚስትሪ ያስተማርሁ ሰው፣ ዛሬ በገዛ ተማሪዬ ፊት ኬሚስትሪ ወደቅሁ።

የትልቁ አንጀት ቁስለት አለብኝ። ጨዋ ሰው ሰላምታውን ሳይጨርስ እንዲሮጥ የሚያደርግ በሽታ ነው። ሁለት ዓመት ሙሉ ከባለቤቴና ከሐኪሜ በቀር ለማንም ተናግሬ አላውቅም። ሌላው ሰው በጀጎል ጠባብ መንገዶች ሲያልፍ ግንቡን ያደንቃል፤ እኔ ግን ሽንት ቤት ያለበትን ግቢ ሳጠና ኖሬያለሁ።

አሁን ደግሞ ያቺው ልጄ ድሬዳዋ ላይ ወለደች። የመጀመሪያ የልጅ ልጄ! ክርስትናዋ ከስድስት ሳምንት በኋላ ነው። ሆኖም በዚያ ጠመዝማዛ መንገድ ሚኒባሱን ስንት ጊዜ ላስቆመው? የሕፃኗን ፊት እስካሁን ያየሁት በስልክ ብቻ ነው።

መድኃኒት ከጀመርሁ ሁለት ወር ሆነኝ። ለውጥ የለም። ሐኪሜ ባለፈው «በዚህ ካልተሻልዎት ወደ ጠንካራው መድኃኒት እንሄዳለን» ብላኝ ስለነበር፣ ዛሬ ከባለቤቴ ጋር ከአቦከር ወደ ፈረስ መጋላ ስንሄድ እግሬ ከብዶኝ ነበር።

ሐኪሜ ዶክተር ነኢማ የቀድሞ ተማሪዬ ናት። «ቲቸር፣ ኪኒኑን እንዴት ነው የሚወስዱት?» አለችኝ።

ይህን ጥያቄ ስጠብቅ ነበር! ጉሮሮዬን ጠርጌ ጀመርሁ። «ጠጣር ነገር ሲደቅ የገጹ ስፋት ይጨምራል፤ ስለዚህም በፍጥነት ይሟሟል። በመሆኑም...»

«በመሆኑም?»

«እወቅጠዋለሁ።»

ዶክተሯ እስክሪብቶዋን አስቀመጠች።

ባለቤቴ ይህን ቀን ስትናፍቅ ኖራለች። «በኮረሪማ ሙቀጫዬ ነው እኮ! ተው ስለው ‹አንቺ ኬሚስትሪ አታውቂም› ይለኛል!»

ዶክተሯ አፏን በእጇ ሸፈነች። «ወላሂ ቲቸር! በሙቀጫ?»

ከዚያ አስተማረችኝ። የገዛ ሰውነቴ ዘበኞች ጠላት የመጣ መስሏቸው የአንጀቴን ግድግዳ ያቆስላሉ። መድኃኒቱ ቁጣቸውን የሚቀሰቅሱትን ኬሚካላዊ መልእክቶች ያዳክማል። ነገር ግን ይህን የሚያደርገው ቁስሉን በቀጥታ ሲነካ ነው፤ ቆዳ ላይ እንደሚቀባ ቅባት። ሽፋን የለበሰውም ለዚሁ ነው። ሽፋኑ የጨጓራውን አሲድ ተቋቁሞ ያልፍና፣ አሲዱ በቀነሰበት፣ ወደ ትልቁ አንጀት ሲቃረብ ይሟሟል።

እኔ ግን ካባውን አስቀድሜ ገፍፌዋለሁ! አብዛኛው ከላይ፣ ከትንሹ አንጀት ወደ ደም እየገባ በሽንት ሲወጣ ነበር። ቁስሉ ዘንድ የደረሰው ጥቂት ነው።

«አሲድና ቤዝን ማን ነበር ያስተማረን?» አለች፤ ሣቋ እያመለጣት። «ደግሞ ‹ሳይደቅ ይዋጥ› ተብሎ ተጽፏል። ትእዛዝ ሳናነብ ስንመልስ ዜሮ ይሰጡን አልነበረም?»

በሩ ለካ ገርበብ ብሏል።

ተራ ከሚጠብቁት አንዱ፣ እሱም ያስተማርሁት፣ ከውጭ ጮኸ፦ «ዶክተር፣ ግማሽ ማርክ ስጪው! ፎርሙላው ልክ ነው!»

ኮሪደሩ በሣቅ ተናወጠ። ሁለት ዓመት የደበቅሁት ጉድ በአንድ ደቂቃ አደባባይ ወጣ። መሬት ብትውጠኝ በወደድሁ ነበር... ብዬ ልጽፍ አስቤ ነበር። እውነቱ ግን እኔም ሣቅሁ። እንባዬ እስኪመጣ!

ምክንያቱም ዶክተሯ እንዲህ አለች፦ «መድኃኒቱ አልሠራም አንልም፤ ገና መች ወሰዱትና! ጠንካራው ይቆይ። ቃል አልገባልዎትም፤ ግን በትክክል ከዋጡት በጥቂት ሳምንታት መሻሻል ልናይ እንችላለን። በአራተኛው ሳምንት ይምጡ።»

አራተኛው ሳምንት! ክርስትናው ስድስተኛው ላይ ነው። እስቲ ቁጠሩልኝ!

ባለቤቴ አራተኛውን ሳምንት አልጠበቀችም። ፈረስ መጋላ መሐል ቆማ ለልጃችን ደወለች። «አባትሽ ይመጣል! አዎ፣ በሚኒባስ! ምን ሆኖ ነበር? ወይ አንቺ፣ ሲወቅጥ ነበር!»

የታክሲ ሹፌሮቹ ሁሉ ዞሩ። ሰላም አልኋቸው፤ ምን ላድርግ?

ያስተማርሁት ነገር ስሕተት አልነበረውም። ስሕተቴ፣ ዕድሜዬን ሙሉ አንድ ነገር በምን ፍጥነት እንደሚሟሟ ሳሰላ፣ የት ሊሟሟ እንደሚገባው አለመጠየቄ ነው።

እናም የቀድሞ ተማሪዎቼ፣ ሳታፍሩ ንገሩኝ፦ በእኔ ትምህርት ተማምናችሁ ሌላ ምን ወቅጣችኋል?