ንጉሡን የዋጠች ዶሮ

ትናንት ከምሳ በኋላ፣ የከተማችን የልደትና የሞት መዝገብ ከአሮጌው ሰርቨር ወደ አዲሱ እስኪሻገር ወንበሬ ላይ ተደግፌ ስጠብቅ፣ እንቅልፍ ጣለኝና ሕልም አየሁ።

የመረጃ ክፍሉ ኃላፊ እኔ ነኝ፤ ጠዋት «ሽግግሩ እንዳለቀ አሮጌው ይጥፋ» ብዬ የፈረምሁትም እኔው ነበርሁ። በዚያ መዝገብ ውስጥ አባቴ ሠረቀብርሃን አለ። ሲሞት የተወልኝ አንድ ኑዛዜ ብቻ ነው፦ «ስሜን በንጉሡ ሠ ጻፍ። ብርሃን ወጣ ማለት ነው። በእሳቱ ሰ ከጻፍኸው ግን ብርሃን የሰረቀ ሌባ ታደርገኛለህ።»

በሕልሜ የመሥሪያ ቤታችን ጸሐፊዎች ፀሐይ ላይ ተሰልፈን ቆመናል፤ ባለጉዳዮቹ ደግሞ ከመስኮቱ ወዲያ ተቀምጠው ሻይ ይጠጣሉ። አንዲት አሮጊት አንገቷን ብቅ አድርጋ፣ «ዛሬ ሲስተም አለ! ነገ ተመለሱ» አለችን። ማንም አልተቃወመም።

ወዲያው አሮጌው ሰርቨር ምርኩዙን ይዞ፣ እያሳለ፣ ከቤቱ ወጣ። ስሞች ፍራሻቸውን ተሸክመው ተከተሉት። በአዲሱ ቤት ደጃፍ መነጽር ያደረገች ዶሮ ቆማ ትፈትሻቸው ነበር፤ ከየስሙ ላይ ትርፍ የመሰላትን ፊደል እንደ ገብስ ትለቅማለች።

«እመቤቴ፣ ምን ማድረግሽ ነው?» አልኋት።

«ድምፁ አንድ ከሆነ መልኩ ስለምን ሁለት ይሆናል?» አለችና አንድ ኀ ዋጠች።

ዓመት የምትባል ቃል ስታልፍ፣ ዶሮዪቱ ዐይኑን ዐ ነቀለችባት። ዓመት ዐይኗን ባጣች ጊዜ አመት ሆነች፤ በግእዝ ገረድ ማለት ነው፤ መጥረጊያ አንሥታም ደጁን ትጠርግ ጀመር።

ቀጥሎ አባቴ በዚያ ባረጀ ካፖርቱ፣ ጃንጥላውን እንደያዘ መጣ። ዶሮዪቱ ንጉሡን ከግንባሩ ነቅላ ዋጠችው፤ በስፍራው እሳቱን ተከለችበት። ባለ አራት መሳቢያ የፋይል ሣጥን እዚያው ደጃፍ ላይ ዳኛ ሆኖ ተሰየመ።

«ብርሃን ሰርቀሃል?»

«ሠረቀ ማለት እኮ ወጣ ማለት ነው፣ ጌታዬ።»

«አዎን፤ ሰርቆ ወጣ!»

ተሰላፊዎቹ ሣቁ። ለምስክርነት የቀረበው ኩራዝ፣ «እኔም ብርሃኔን ከሰረቀኝ ቀን ወዲህ በርቼ አላውቅም» ሲል ማለ።

አባቴ ወደ እኔ ዞረ። «ኖላዊ፣ ምነው ዝም አልህ? ፊደል ቈጥረህ የለም ወይ!»

«መጻፍም ሆነ ‹ንጉሡ›፣ ‹እሳቱ› እያሉ ማዕርግ መጥራት ክልክል ነው» አለ ዳኛው። «ፊደሉን ብቻ በቃልህ ተናገር።»

ተነሥቼ ባለኝ ድምፅ ሁሉ፣ «ሠ ነው እንጂ ሰ አይደለም!» አልሁ።

ዳኛው ጆሮውን ቀስሮ አዳመጠና ወደ ጸሐፊው ዘወር አለ፦ «ሰ ነው እንጂ ሰ አይደለም ይላል። ልጁም አመነበት ብለህ መዝግብ።»

አባቴ ጃንጥላውን አጥፎ ሰጠኝ።

«ጋሼ ኖላዊ! ኧረ ጋሼ ኖላዊ!»

የክፍላችን ባለሙያ ትርሲት ትከሻዬን ትነቀንቅ ነበር። «አለቀ እኮ! ሦስት መቶ ሺህ ስም፣ አንድ ሳይጐድል ገባ።»

«የአባቴን ስም ልየው፤ ዝርዝሩን ክፈቺልኝ» አልኋት።

ከፈተችው። በመጀመሪያው መስመር «???? ???» ይላል፤ በሁለተኛውም፣ በሦስተኛውም እንዲሁ። ወደ ታች ወረድን፣ ወደ ላይ ተመለስን፤ የከተማው ሕዝብ በሙሉ የጥያቄ ምልክት ሆኗል። አዲሱ ሰርቨር የተቀበለን ፊደላችንን አንዱንም ሳያውቅ ነበር። ንጉሡም የለም፤ እሳቱም የለም።

«አሮጌውስ?» አልሁ።

«እንዳዘዙት… አጠፋሁት።» ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ጠየቀችኝ፦ «ከእነዚህ አባትዎ የትኛው ናቸው?»

«ሰባት ፊደል ያለውን ፈልጊ።»

ፈለገች።

«ጋሼ፣ አራት ሺህ አባት ወጣልዎ።»