የፈጣን እጅ ጣጣ

ስለ እጄ ፍጥነት ብነግራችሁ ጉረኛ ትሉኛላችሁ። ግን ጉራውን ካልሰማችሁ ውርደቱ አይገባችሁምና ትንሽ ታገሱኝ።

አሶሳ ውስጥ የወርቅ መግዣ ሱቅ ጥበቃ ነኝ። ባለቤቷ እትዬ ዘነበች ይባላሉ። ሰዎች ከወንዝ አጥበው ያመጡላቸውን ወርቅ እየመዘኑ ይገዛሉ። ድሮ የምይዘው ቆመጥ ነበር። በኋላ ፈቃድ ያለው ሽጉጥ ተገኘና እትዬ ዘነበች ሳልማር እንደማያስነኩኝ ነገሩኝ። አስተማሪዬም መቶ አለቃ ደምሴ ሆኑ፤ ጡረታ የወጡ፣ ቀጭን፣ ሲቆጡ እንኳ ድምፃቸው ከፍ የማይል ሰው።

ከከተማ ወጣ ብሎ በባምባሲ በኩል ለልምምድ የተፈቀደ ሜዳ አለ። ከየድርጅቱ የመጣን ስምንት ጥበቃዎች ነበርን። ሁለት ሳምንት ሙሉ ጥይት አላየንም። ባዶ ሽጉጥ ከአፎቱ ማውጣት፣ መመለስ፣ እንደገና ማውጣት ብቻ። ይሄ ለኔ ምን ያንሰኛል? ቤት ገብቼም ከቀበቶዬ የወጥ ማማሰያ እየመዘዝኩ እለማመድ ነበር። ሚስቴ አንድ ሁለቴ ዝም ብላ አየችኝ። ሦስተኛው ላይ ለእናቴ ደወለች።

ጥይት የተሰጠን ቀን ደረሰ። ሰባት እርምጃ ርቀት ላይ የሰው ራስና ደረት የተሳለበት ወረቀት ቆሟል፤ መሃሉ ላይ የስኒ ማስቀመጫ የሚያህል ክብ አለ። ከጀርባው ትልቅ የአፈር ቁልል። መቶ አለቃ በስልካቸው ሰዓት ይይዛሉ። "ጀምር" ሲሉ ጎረቤቴ ሽጉጡን ሳያወጣ እኔ ሦስቴ ተኩሼ ጨርሼ ነበር። ዞር አልኩ። ጭብጨባ ጠብቄ እንደነበር ልደብቃችሁ?

ወረቀቱ ላይ አንድ ቀዳዳ ተገኘ። እሱም ጆሮው አጠገብ።

ሌሎቹ ሁለቱ ጥይቶች የት እንደሄዱ መቶ አለቃ ጠየቁኝ። ፈርተው ሮጠው ይሆናል አልኳቸው። ማንም አልሳቀም።

ትንሽ ቆይቶ ከቁልሉ ጀርባ፣ ራቅ ካለው የማንጎ ማሳ፣ አንዲት የበርታ ብሔረሰብ አሮጊት ቀስ ብለው መጡ። ሐጃ ነው የምንላቸው፤ አማርኛቸው ስብርብር ያለ ነው። በእጃቸው አንድ ማንጎ ይዘዋል፤ መሃሉ ተበስቷል። አልጮሁም። በየተራ ፊታችንን አዩና እኔ ጋ ሲደርሱ ቆሙ።

"አንተ ነው የተኮሰ?"

አዎ አልኳቸው።

"ጠዋት እኔ እዛ ዛፍ ሥር ቁጭ አለ" አሉኝ። "ውሃ ልጠጣ ብሎ ተነሳ።"

መሬት ላይ ተቀመጥኩ። መቶ አለቃ ተኩሱን አስቆሙ። ቁልሉ ከፍ እስኪል ድረስ ማንም እንደማይተኩስ፣ ሳያስተካክሉት መጀመራቸውም የራሳቸው ጥፋት እንደሆነ ነግረው ሐጃን ይቅርታ ጠየቁ። ከዚያ አጠገቤ ቁጢጥ አሉ።

"ሰዓቱ የሚቆመው ስትተኩስ አይደለም፤ ስትመታ ነው" አሉኝ። "አንተ ገና አልጨረስክም።"

ቁልሉ ተስተካክሎ ስንመለስ ሥልጠናዬ ተቀየረ። አንድ ጥይት ብቻ ይሰጡኛል። ከመተኮሴ በፊት ወረቀቱን እንደ እውነተኛ ሰው ቆጥሬ የማየውን ጮክ ብዬ እናገራለሁ፤ እጁ ላይ ምን አለ? ከኋላው ማን አለ? እንዲያ ስል ደግሞ እንድንቀረፈፍ የፈለጉ እንዳይመስላችሁ። አንዱ ጓደኛችን ክንዱ እስኪንቀጠቀጥ ሲያነጣጥር፣ ሌባው እስከዚያ ቤቱ ደርሶ እግሩን ታጥቧል አሉት። የሚፈልጉት መምታት እስከምትችልበት ድረስ መፍጠን ነው፤ ከዚያ ያለፈውን ፍጥነት ባዶ ድምፅ ይሉታል። ወር ሲሞላ ጥይቶቼ ክቡ ውስጥ መግባት ጀመሩ። በሰዓት ግን አምስተኛ ወጣሁ።

ሥራዬ ላይ ተመለስኩ። አንድ ረፋድ የሱቁ በር ተበርግዶ አንድ ሰው ዘሎ ገባ። የሞተር ቆብ አድርጓል፣ ፊቱ አይታይም፣ ያለከልካል፣ ቀኝ እጁ ሸሚዙ ውስጥ ነው። እትዬ ዘነበች ሚዛኑ ላይ ደረቁ። የኔ እጅ አልደረቀም። መደርደሪያው ከልሎኝ ሽጉጡ ከአፎቱ ወጥቷል፤ አፈሙዙ ግን ወደ መሬት፣ ጣቴም ከቃታው ውጪ ነው። እጁ ላይ ምን አለ? አይታይም። ከኋላው ማን አለ? በክፍቱ በር ቲማቲም የሚሸጡት ሴቶች ይታያሉ። እጁን አየሁ። ሌላ ምንም አላየሁም።

እጁ ወጣ። የተቋጠረ ጨርቅ።

ቆቡን ሲያወልቅ ሙሳ ሆኖ አረፈው፤ ደንበኛችን፣ እሱም እንደ ሐጃ በርታ የሆነ ወርቅ አጣቢ። ጨርቁ ውስጥ የባቄላ ፍሬ የሚያህል ወርቅ ነበር። በዕድሜው እንዲህ ያለ አግኝቶ አያውቅም። ሰው ይነጥቀኛል ብሎ ከወንዙ ጀምሮ ሞተር ተከራይቶ ሲበር ነው የመጣው። እኔ ሽጉጡን ቀስ ብዬ መለስኩና ላቤን ጠረግኩ። እሱ ምንም አላየም።

ወርቁ ተመዘነ፣ ሙሳ ደስ ብሎት ብሩን ኪሱ ከተተ። ሊወጣ ሲል ወደ እትዬ ዘነበች ጠጋ አለና በአገጩ ወደኔ ጠቆመ።

"ይሄ ዘበኛ ጥሩ ሰው ነው" አላቸው። "ግን እኔ ገባ፣ እሱ ዝም ብሎ ያያል። እኔ ሌባ ቢሆንስ? አንቺ ፈጣን ሰው ቅጠር።"

እትዬ ዘነበች ዞረው አዩኝ። እውነቱን ነው አልኩና በሩን ከፈትኩለት።