ሦስቱ የካርቶን ታንኮች

ትንሽ የሚያውቅ ሰውን ፍሩ። ምንም የማያውቅ ዝም ይላል፤ ብዙ የሚያውቅም ዝም ይላል፤ መሐል ላይ ያለነው ነን የማናርፈው። ብስክሌት የነዳ ሁሉ መኪና ምን አላት ይላችኋል። ወጥ የቀመሰ ሁሉ ጨው አንሶታል ይላል። እኔም ዳማ ስለቻልኩ ጦር መምራት የምችል መስሎኝ ነበር። መስሎኝ ነው እንግዲህ! በአንድ ቅዳሜ ከሰዓት አንድ ሰፈር ሙሉ ሕዝብ ፍራሽ አሸክሜ በደሴ መንገድ ያስወጣሁት እኔ ነኝ። ሙሉ ስሜን አትጠይቁኝ፤ ጌቴ በሉኝ፣ ይበቃል።

ልብስ ሰፊ ነኝ። ሐይቅ ከተማ ከዋናው መንገድ ገባ ብሎ በረንዳ ላይ የስፌት መኪናዬ አለች፤ ከጎኗ የዳማ ገበታ አለ። መጫወቻው ቆርኪ ነው፣ የኔ በፊቱ፣ የአሊ በጀርባው። አሊ ጎረቤቴ ነው፤ ጨርቅ ነጋዴ ነበር። እሱ ጨርቁን ይሸጣል፣ እኔ እሰፋለሁ። ደንበኛው ሱሪው አጠረኝ ብሎ ሲመጣ እኔ ጨርቁ አንሶ ነው እላለሁ፣ እሱ ሰፊው አበላሽቶት ነው ይላል። እንዲህ ተስማምተን ሠላሳ ዓመት ኖርን። ከሰዓት ከሰዓት ዳማ እንጫወታለን። ማን ያሸንፋል? እኔ ነኛ! እሱን ብትጠይቁት ሌላ ይላችኋል፤ ስለዚህ አትጠይቁት።

ጦርነቱ ሐይቅ ሲደርስ ሁላችንም ሸሸን። ስንመለስ የአሊ ሱቅ ዕቃው ቀርቶ መደርደሪያው እንኳ አልነበረም። ጆሮውም ከዚያ የመድፍ ጩኸት ወዲህ ከበድ ብሎታል። ስለዚህ ሲያወራ ይጮኻል፤ እኔም እንዲሰማኝ እጮኻለሁ፤ ለማያውቀን ሰው ስንጣላ የምንውል ነው የምንመስለው። ዳማውንም ተወው። ና እንጂ ስለው፣ ሠላሳ ዓመት አንድ ሰው ማሸነፍ ይሰለቻል አለኝ። ቀጣፊ!

ለካ ነገሩ ሌላ ኖሯል። አዲስ አበባ ያለችው ልጁ ፋጤ፣ አብዬ ምን ቀርቶህ ነው እዚያ የምትቀመጠው፣ እኔ ጋ ና እያለች ስትወተውተው ከርማ እሺ አሰኝታዋለች። የሰኞ ትኬት ቆርጧል። ይህን የነገረኝ ሐሙስ ለት ነው፣ ያውም የሱሪ ዚፕ ሊያስቀይር መጥቶ። ለመንገድ ነው አለኝ። የመሄጃ ሱሪውን እኔን ያሠራኛል እንግዲህ! ዚፑን ሁለት ጊዜ አጣምሜ ሰፍቼ ሁለት ጊዜ ፈታሁት። አትሂድ ማለት ግን ከአፌ አልወጣም። ምን ብዬ? የተዘረፈ ሱቅህ ይናፍቅሃል ልበለው?

ሚኪ የመጣው በዚሁ ቀን ነው። ሚኪ የባለቤቴ የአስካለ የእህቷ ልጅ ነው፤ አዲስ አበባ ኮምፒውተር ላይ ተቀምጦ የሚውልበት ሥራ አለው። ምን እንደሆነ ሦስት ጊዜ አስረድቶኝ ሦስት ጊዜ ገብቶኛል ብያለሁ። ለግሸን ማርያም ንግሥ ሲሄድ ቀደም ብሎ እኛ ጋ ሊያርፍ መጣ፣ ከሻንጣውም ትልቅ ካርቶን አወጣ። የጦርነት ጨዋታ ነው አለን። ቅዳሜ ቅዳሜ ከጓደኞቹ ጋር ይጫወተዋል አሉ። እኛ አገር ጨዋታው ነው ጦርነት የሚሆነው፤ ጦርነት ጨዋታ ሲሆን ያን ለት ገና አየሁ።

ስንት ሰዓት ይፈጃል ብዬ ጠየቅሁት፣ እንዲያው ለወጉ። ጋሼ፣ ለጀማሪ ሦስት ቀንም ሊፈጅ ይችላል አለኝ። ሦስት ቀን! ልቤ ዘለለች። አሊ አንድ ጠባይ አለው፤ የጀመረውን ጨዋታ ሳይጨርስ አይነሣም። የገዛ እህቱ ልጅ ሲዳር፣ ዳማ ይዞት ሙሽሮቹ ከሄዱ በኋላ የደረሰ ሰው ነው። እንግዲህ አርብ ከተጀመረ ሰኞ አውቶቡሱ ይነሣል፣ አሊ ይቀራል። ከዚያ ወዲያስ? ከዚያ ወዲያማ አላሰብኩም። ጦርነት የሚያስጀምሩ ሰዎች ሁሉ እስከዚህ ድረስ ብቻ ነው መሰል የሚያስቡት።

አርብ ከጁምዓ ሲመለስ ጠራሁት። ሚኪ ካርታውን የስፌት ጠረጴዛዬ ላይ ዘረጋው፤ ስድስት ማዕዘን ባላቸው ትንንሽ ቤቶች ተሞልቷል። አሊ ጎንበስ ብሎ አየና፣ ይሄ ጦር ነው ወይስ የንብ ቀፎ አለ። በቤቶቹ ላይ የካርቶን ቁራጮች ይሰለፋሉ፤ እግረኛ፣ መድፍ፣ ታንክ። ቀዩ ከሰሜን ያጠቃል፣ ሰማያዊው ይከላከላል። አሊ ቀይ፣ እኔ ሰማያዊ ሆንን። የደንቡ መጽሐፍ በእንግሊዝኛ ነው፣ ውፍረቱ ዳዊት ያህላል። ሚኪ ዋና ዋናውን በእጁ በአማርኛ ሦስት ገጽ ጻፈልን። ዳማ እኮ ደንቡ ሁለት ነው፤ ትሄዳለህ፣ ትበላለህ። እዚህ ግን ለመሄድ ስንቅ ያስፈልጋል፣ ለመተኮስ ኮረብታው እንዳይጋርድህ ማየት ያስፈልጋል፣ ጭቃ ላይ ዳይስ የምትባለውን ባለቁጥር ጠጠር ጥለህ አንድ ከወጣብህ ታንክህ ይቀረቀራል። አሊ ስንቅ ያጣ ጦር አይዋጋም የሚለውን ሲሰማ፣ ወላሂ ይሄን የጻፈው ሰው ርሃብ ያውቃል አለ።

ያስቸገረን ስሙ ነበር። የከተሞቹ ስም በፈረንጅ ነው፤ እኔ ስጠራው ሚኪ ይስቃል፣ አሊማ አይሰማውም። በመጨረሻ ሚኪ የፈለጋችሁትን በሏቸው አለን። እዚህ ላይ ነው የጠፋነው! ካርታው ላይ አንድ ሐይቅ አለ፣ ከጎኑ ከተማ አለ። ሌላ ምን ልንለው ኖሯል? ሐይቅ አልነው። ሰሜኑን ውጫሌ፣ ደቡቡን ደሴ አልነው። ውኃው ውስጥ የገባችው መሬት እስጢፋኖስ ሆነች፤ አሊ ፈጠን ብሎ ገዳሙ ላይ ጦር አይሰፍርም አለ፣ እኔም እሺ አልኩ። ሚኪ እንዲህ ያለ ደንብ የለም ቢል ሁለታችንም ተቆጣነው።

አርብን በዚሁ ዋልን። ቅዳሜ ከሰዓት አሊ ማጥቃት ጀመረ። አያድርስ! ለካ ሰውዬው ጨርቅ ሲሸጥ ነው እንጂ ዕድሜው ያለቀው፣ ጦር አለቃ ነበር። እኔ ዳማ የለመድኩ ሰው የተጠጋኝን ሁሉ ልብላ ብዬ ስሮጥ ስንቄ ተቆረጠ፣ መድፌ ጥይት አጥቶ ኮረብታ ላይ ተጎለተ። አሊ የትኛው ላይ ነን፣ እስቲ ጮክ በል አለኝ። እኔም ጮክ አልኩ። ከሚኪ ወረቀት የለቀምኳትን ቃል ለማሳመር ጨምሬ፣ ሦስት ታንክ ውጫሌ ገብቷል፣ አንዱ ጭቃ ውስጥ ተቀርቅሯል፣ የኛ መድፍ ጥይት ጨርሷል፣ እኛ ስልታዊ ማፈግፈግ አድርገን፣ ሐይቅን ለቀን ደሴ ላይ እንመሽጋለን አልኩት። ሳንባዬ እስኪተረተር ነው የጮኽኩት።

እትዬ ዘነበች ቀሚሷን ልትወስድ መጥታ አጥሩ ጋ ደርሳ ኖሯል። ስልታዊ ማፈግፈግ! ያቺን ቃል አንድ ጊዜ በሬዲዮ ሰምቶ የሸሸ የወሎ ሰው ሁለተኛ ሲሰማት ሌላ ዜና አይጠብቅም፤ ፍራሹን ይጠቀልላል። እባብ ያየ በልጥ በረየ ይባል የለ? ያን ሰሞን ደግሞ እንደገና ሊጀመር ነው የሚል ወሬ በየሻይ ቤቱ ነበር። ቀሚሷን ትታ ተመለሰች።

እኛ ምኑን ሰምተን። አሊ የአስር ሶላት ሊሰግድ ቤቱ ገባ፤ ሚኪ መክሰስ ሊበላ ጓዳ ገባ፤ እኔም የዘነበችን ቀሚስ እጀታ ልጨርስ ተቀመጥኩ። ግማሽ ሰዓት አልሞላም፣ አስካለ ከገበያ ነጠላዋ መሬት እየጠረገ መጣች። ምን ጎልቶሃል አንተ ሰውዬ፣ ውጫሌ ገብተዋል ትላለች! ማን አለ ብላት አገሩ ሁሉ አለች። እውነትም መንገዱ በጋሪና በባጃጅ ተጨናንቋል። እናንተ ብትሆኑ ምን ትሉ ነበር? ይሄ የኔ ወሬ ነው ትሉ ነበር? እኔ እቴ! ጭንቅላቴ ማሰብ ሳይጀምር እግሬ ጫማውን አጥልቆ ጨርሷል። የስፌት መኪናዬን ጭንቅላት ነቅዬ አቀፍኩ። ጨዋታውን ያመጣው ሚኪ ራሱ የጤፍ ጆንያ ተሸክሞ ከፊቴ ይሮጣል።

የአሊን በር ደበደብኩ። ጌቴ ነኝ ብዬ ጮኽኩ። አልመለሰም። ቀድሞን ወጥቷል ብዬ ሄድኩ። ገብቼ ማየት እችል ነበር፤ አላየሁም። ሲያሳፍረኝ የሚኖር ይኸ ነው፣ ሌላው ሌላው ያስቃል።

የደሴ መውጫ ላይ መንገዱ ተዘግቶ ቆመናል። አንዱን የባጃጅ ሾፌር፣ ወንድም፣ ምን ያህል ናቸው ብዬ ጠየቅሁት። ልክ እንዳየ ሰው ነው የነገረኝ። ታንኩ ሦስት ነው፤ አንዱ ጭቃ ውስጥ ተቀርቅሯል፤ የኛ መድፍ ግን ጥይት ጨርሷል አለኝ። ያ ታንክ አሊ ዳይስ ጥሎ አንድ ስለወጣበት የተቀረቀረ ነው። ያ መድፍ የኔ ነው!

ዝም ብል ማን ያውቅብኝ ነበር? አይዋሽም፣ ዝም ልል ዳድቶኝም ነበር። ከአጠገቤ ግን እማ ዘሙ ነበሩ፣ አልጋ የያዛቸው ባልቴት፣ ልጆቻቸው በቃሬዛ ተሸክመዋቸው። በመጀመሪያው ሽሽትም እንዲሁ ነበር የወጡት፤ ከዚያ ወዲህ በእግራቸው ቆመው አያውቁም። ዓይናቸውን ጨፍነው ዱዓ ያደርጋሉ። አልቻልኩም። ጋሪ ላይ ወጥቼ፣ የሐይቅ ሕዝብ ሆይ፣ ወሬው የኔ ነው አልኩ። መድፉ የኔ ነው፣ ታንኩ የአሊ ነው፣ ማታ ሐይቅ የሚገባውም አሊ ነው አልኩ። ጭራሽ አባባስኩት! አሊ ከነሱ ጋር ነው እንዴ ብሎ አንዱ ጮኸ። የለም፣ ካርቶን ነው፣ ካርቶን! ጨዋታ ነው ብዬ መሐላ ላይ መሐላ ደረደርኩ። ሚኪም ጆንያውን አውርዶ መሰከረልኝ።

እትዬ ዘነበች በተሸከመችው ፍራሽ ሥር ሆና እያየችኝ፣ አንተን ብሎ ልብስ ሰፊ አለች። ዱላ እየጠበቅሁ ሳለ እማ ዘሙ ከቃሬዛው ቀና አሉና ማን እያሸነፈ ነበር ብለው ጠየቁኝ። አሊ ነው እናቴ አልኩ። «ታዲያ ምን አስሮጠን? አሊማ ጎረቤታችን አይደል!» አሉ። መጀመሪያ የቃሬዛው ተሸካሚዎች ሳቁ፣ ከዚያ የባጃጁ ሾፌር፣ ከዚያ ሁሉም። የሚስቁም የሚያለቅሱም ነበሩበት። ዘነበች ግን አልሳቀችም፤ ለቀሚሱም አልከፍልህም አለች። ልክ ናት።

ወደ ቤት ስንመለስ አሊ በረንዳዬ ላይ፣ ካርታው ፊት ተቀምጧል። የሚኪን ሦስት ገጽ ይዞ በጣቱ እየተከተለ ያነባል። የት ሄዳችሁ ነው አለኝ። በርህን ደብድቤ ነበር፣ ገብቼ ግን አላየሁህም፣ ይቅር በለኝ አልኩት። ከዚያ ያደረግሁትን ሁሉ ነገርኩት። ሆዱን ይዞ ሳቀ፣ እንባው እስኪወርድ። ሳቁ ሲበርድለት፣ ሰግጄ ዱዓዬንም አድርጌ ስወጣ አንድ ሰው የለም አለኝ። እስከ አስፋልቱ ሄጄ አየሁ፣ የለም፤ ሻንጣዬ ተዘጋጅቶ ተቀምጧል፣ እኔም ልውጣ ብዬ ነበር አለ። «ጌቴ፣ አገሩ ሰው ሲያጣ እንዴት እንደሚያስጠላ አየሁ» አለኝ። ጦርነቱ ካለፈ ወዲህ ዝግ ባለ ድምፅ ሲናገር የሰማሁት ያኔ ነው።

ወዲያው ወደ ካርታው ዞረ። ቀዩ ጦር የኔ ከተማ መሐል ሰፍሯል። ማን ፈቀደልህ ስለው ወረቀቱን አፍንጫዬ ላይ ደቀነው። ተከላካዩ ቦታውን ጥሎ ከሄደ ተራው ያልፈዋል ይላል። ያለ አንድ ጥይት ገባሁ አለኝ። ወዲያው ሁለተኛውን ገጽ ገለጠ፤ የተያዘ ከተማ ጠባቂ ካልተተወበት ለቀድሞው ባለቤት ይመለሳል ይላል። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይላሉ፤ አሊ ሞኝ አይደለም እንጂ ወረቀቱንስ አልለቀቀም። ሰኞስ፣ አልኩት በመጨረሻ። ሐሙስ ለት ልጠይቀው የሚገባኝን ቅዳሜ ጠየቅሁት።

ሳይመልስልኝ ስልኩ ጮኸ። ፋጤ ናት። ወሬው እኛ ቤታችን ሳንገባ አዲስ አበባ ገብቷል። አሊ ስለማይሰማው የስልኩን ድምፅ ከፍቶ ነው የሚያወራ፤ ልጅቷ ስታለቅስ ሁላችንም ሰማን። አብዬ፣ የት ነህ፣ ሐይቅ ተያዘች ይላሉ፣ እውነት ነው ትላለች።

«አዎ ልጄ፣ ተይዛለች» አላት፣ ሰፈሩ ሁሉ እስኪሰማ። «የያዝኳት እኔ ነኝ። ሰኞም አልመጣም፤ ጥያት ከወጣሁ ጌቴ መልሶ ይይዛታል።»