መሸኛ የሌለው ፕሮግራም

ሞገስ፦ ሰው አይደለም አልኩዎት እኮ፣ እትዬ ታቢታ! ፕሮግራም ነው!

ታቢታ፦ ይሁና! ከአሮጌው ማሽን ወደ አዲሱ ሊዛወር አይደል? የሚዛወር ሁሉ መሸኛ ይይዛል። እኔን ራሴን ቀበሌ ስቀይር ያለ መሸኛ ማን አስገባኝ?

(አዋሳ፣ ፲፱፻፹፩ ዓ.ም.፤ አሞራ ገደል አጠገብ የዓሣ አስጋሪዎች ማኅበር ቢሮ። ሞገስ አዲስ አበባ ሁለት ሳምንት የኮምፒዩተር ኮርስ ወስዶ ከተመለሰ ወዲህ ሰላምታው ሁሉ በእንግሊዝኛ ሆኗል። ዛሬ ግን ላብ በላብ ነው። በአራት ሰዓት ተቆጣጣሪው ይመጣል፤ የአስጋሪዎቹን መዝገብ የያዘው ፕሮግራም በአዲሱ ማሽን ካልታየ ሞገስ የታጨበት የውጭ አገር ትምህርት ቀረ። የመዝገብ ቤቷ እትዬ ታቢታ ወንበር ስበው አጠገቡ ተቀምጠዋል።)

ሞገስ፦ (ከአንገት በላይ እየሳቀ) የሁለቱ ማሽኖች አሠራር ለየቅል ነው። አንዱ የጻፈውን ሌላው አያነበውም። ገባዎት?

ታቢታ፦ ገባኝ። አዲሱ ጸጉረ ልውጥ አላስገባም አለ።

ሞገስ፦ ማሽኑ የአብዮት ጥበቃ ነው እንዴ?

ታቢታ፦ አንተስ? ከማሽኑ ጋር የመጣውን ቢጫ ዲስኬት «ቫይረስ ይዞ ይሆናል፣ ያጥፉልኝ» ያልከኝ ትናንት አይደል?

ሞገስ፦ እሱ የደኅንነት ጉዳይ ነው! በሽታ ካስገባብን ማሽኑ አልጋ ያዘ ማለት ነው።

ታቢታ፦ እኔማ ቡሹሎ ጤና ጣቢያ ወስጄ ላስመረምረው ነበር።

ሞገስ፦ ኧረ በፈጠረዎት! አይናገሩት፣ ሰው ይሰማል!

(ለሰባተኛ ጊዜ ቁልፉን ይጫናል። ማሽኑ ጢጥ ይላል፤ መስታወቱ ላይ ረጅም እንግሊዝኛ ይወጣል። ሊያጠፋው እጁን ይሰዳል።)

ታቢታ፦ ቆይ እስቲ! ስድስት ጊዜ ወጣ፣ ስድስት ጊዜ ሳታነበው አጠፋኸው። ምንድነው የሚለው?

ሞገስ፦ ያው የተለመደው ነው... (እየቀዘቀዘ ያነባል) «ይህ መዝገብ ከሌላ ዓይነት ማሽን የመጣ ነው። ለመቀበል... አብሮ የተላከውን... ቢጫውን የማሻገሪያ ዲስኬት... ያስገቡ።»

(ከሐይቁ ዳር የዓሣ ሻጮች ጫጫታ ይሰማል።)

ታቢታ፦ መሸኛ አምጣ ነው የሚልህ እኮ።

ሞገስ፦ ጉዴ ፈላ! በገዛ አፌ አስጠፋሁት! አለቀልኝ፣ እትዬ ታቢታ!

ታቢታ፦ (መነጽራቸውን እየወለወሉ) ማን አጠፋው? ሃያ ዓመት ስሠራ ያለ ደብዳቤ ብጣሽ ወረቀት አቃጥዬ አላውቅም። አንተ ያዘዝከኝ በቃል ነው።

ሞገስ፦ (ሊያቅፋቸው ብድግ ይላል) እድሜ ይስጥዎት! የት ነው ያለው?

ታቢታ፦ ሳጥን ውስጥ ተቆልፎበታል። ሲገባ ተመዝግቧል፣ ሲወጣም በጽሑፍ ነው።

ሞገስ፦ ለአራት አሥር ጉዳይ ሆኗል እኮ! ምን ብዬ ልጻፍ?

ታቢታ፦ (እስክሪብቶ እያቀበሉት) «ለአንድ ፕሮግራም መሸኛ ይሰጥልኝ» በል። በሁለት ኮፒ።