አንቱ የተባለው ቡችላ

የእድሩ ጥሩንባ ሲነፋ ዘነበች ውሻዋን ልትጠራ አፏን ከፍታ ነበር። መጋቢት ነው፤ ከንጋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል ገደማ። በአንድ እጇ የፍትፍት ሳህን ይዛ፣ በሌላው ነጠላዋን አገጯ ሥር ጨብጣ ደጇ ላይ ቆማለች። ጥሩንባ ነፊው በታችኛው መንገድ ብቅ አለና ጋሽ ወልደአረጋይ ማረፋቸውን፣ ቀብራቸውም ስድስት ሰዓት ላይ መሆኑን ተናግሮ አለፈ። ዘነበች አፏን ዘጋች። ሳህኑን መሬት አኖረችና በማንኪያ ጠርዙን መታ መታ አደረገች። ቡችላው ስሙ ሳይጠራ ቁርሱን ሲበላ የመጀመሪያው ነበር።

ለምን እንዳልጠራችው ለመረዳት ሟቹን ማወቅ ያስፈልጋል። እሳቸውን ደግሞ የማያውቅ የለም። ደብረ ብርሃንን ረግጦ የማያውቅ ሰው እንኳ ያውቃቸዋል፤ ሰው ተጠጋግቶ ቤት በሠራበት ሁሉ አንድ ጋሽ ወልደአረጋይ አሉና። መንግሥት አልሾማቸውም፣ ሕዝብ አልመረጣቸውም። ሆኖም በጣራ ክዳን፣ በሆድ ቁርጠት፣ በድንች ዘር፣ በፍርድ ቤት ቀጠሮና በሰው ልጅ አስተዳደግ ላይ የመጨረሻውን ቃል የሚሰጡት እሳቸው ናቸው። ምክራቸው አይለመንም፣ አይከፈልበትም፣ አያልቅም። መግቢያውም ሁልጊዜ አንድ ነው፦ «እኔን አይመለከተኝም፤ ብቻ…»

ከ«ብቻ» በኋላ የሚመጣውን ለመስማት ወንበር ፈልጎ መቀመጥ ይሻላል።

የዘነበች ጎረቤት የነበሩት ክቡር አማካሪ ዕድሜያቸውን ግሬደር ሲነዱ ኖረው በጡረታ የተገለሉ ሰው ናቸው። እውቀታቸውን ሁሉ የቀሰሙት አንኮበር መንገድ ላይ ነው። «አንኮበር መንገድ ስንሠራ» ብለው የጀመሩት ወሬ ግን ስለ መንገድ ሆኖ አያውቅም፤ ስለ ጥርስ ሕመም ነው፤ ወይም ባልና ሚስት እንዴት እንደሚታረቁ ነው። ዘነበች ብርድ ልብስ ፋብሪካ ትሠራለች፤ እናቷ ከሞቱባት ወዲህ የምትኖረው ብቻዋን ነው። ሰው ሲናገራት መልስ የመስጠት ልማድ የላትም። ስድስት ዓመት ሙሉ ስለ ጫማዋ፣ ስለ ጎመኗ፣ ስለ ጋዟ፣ ስለ አለማግባቷ ሲመክሯት «እሺ ጋሼ» እያለች ኖረች።

ቡችላውን ያመጣችው ኅዳር ላይ ነው፤ ከጫጫ ከተማ፣ በሚኒባስ፣ በሳሙና ካርቶን። ልብስ ከገመድ ላይ እየተሰረቀ ስላስቸገራት ነው አለች ለጠየቃት ሁሉ። ቤቱ ውስጥ የሚተነፍስ ነገር ፈልጋ መሆኑን ለማንም አልነገረችም። ከባጃጅ ወርዳ የግቢዋን በር ሳትከፍት አንድ የሱፍ ቆብ ከባሕር ዛፉ አጥር በላይ ብቅ አለ።

«ካርቶኑ ምንድን ነው፣ ዘኑ?»

«ቡችላ ነው ጋሼ።»

«እኔን አይመለከተኝም፤ ብቻ ዛሬ ሲያለቅስ ያድራል። እናቱን ነው የሚፈልግ። በፕላስቲክ ጠርሙስ ሙቅ ውሃ ሙይና በጨርቅ ጠቅልለሽ ከጎኑ አስተኚለት። የሚንቋቋ ሰዓት ካለሽ ደግሞ አብረሽ ጠቅልይው፤ የእናቱ ልብ ይመስለዋል።»

«እሺ ጋሼ» አለችና ገባች። ሰዓቱንም ጠርሙሱንም ተወችው። በማግስቱ ጠዋት ዓይኗ ቀልቶ ስትወጣ ቆቡ አጥሩ ላይ ነበር።

«ሰዓቱን አልጠቀለልሽም» አሉ፤ ጥያቄ አልነበረም።

የእንዲህ ዓይነት ሰዎች ክፋታቸው አንዳንዴ ልክ መሆናቸው ነው። ሁልጊዜ ቢሳሳቱ ኖሮ ሰው ይተዋቸው ነበር። ጋሽ ወልደአረጋይ ቡችላው ክፉ ዘበኛ እንዲሆን በርበሬ ይብላ ብለዋል፤ ጆሮው ካልተቆረጠ ጅብ ይይዘዋል ብለዋል፤ ጥቁር ምላስ ያለው ውሻ ሌባ አይወድም ብለው የቡችላውን አፍ ከፍተው አይተዋል። ከዚያ ደግሞ የማደሪያውን በር ከሰፈሩ ማዶ ወዳለው ገደል አፋፍ አታዙሪው፣ ነፋሱ ከዚያ ነው አሉ፤ እውነት ሆነ። ቤት ውስጥ እንዳይሸና፣ በበላ ቁጥር እስከ መቶ ቆጥረሽ ወደ ውጭ አውጪው አሉ። ዘነበች በልቧ መቁጠር ስትጀምር ከአጥሩ ማዶ ጮክ ያለ ድምፅ አብሯት ይቆጥር ነበር። ሰባ ላይ በሩን ስትከፍት፣

«ሠላሳ ይቀርሻል፤ ምን ያስቸኩልሻል» ተባለች።

ይህ ሁሉ ሆኖ አንድ ሳምንት ሙሉ ቡችላው ስም አልነበረውም። ስሙ የመጣው የሥራ ልብሷን ስታሰጣ «እኔን አይመለከተኝም፤ ብቻ ሸሚዝ በእጅጌው አይሰጣም» የተባለች ዕለት ነው።

ዘነበች የደነባ ገበሬ ልጅ ናት። አባቷ ከወሰንተኛቸው ጋር በድንበር ተጣልተው አሥር ዓመት ሲኖሩ አንድ ቀን ክፉ ቃል ከአፋቸው አልወጣም፤ ውሻቸውን «እግዜር ይየው» አሉት እንጂ። ጠዋት ማታ «እግዜር ይየው፣ ና» ሲሉ ወሰንተኛው ይሰማል። በእሷ አገር ለሰው ፊት ለፊት የማይባል ነገር በውሻ ስም ይባላል፤ ማንም ይህን አይቶ ባለጌ አይልም። ውሻን መጥራት ወንጀል አይደለም።

ስለዚህ ዘነበች ሸሚዟን እጅጌው ላይ እንደቆነጠጠች ወደ ቡችላው ዞራ ስም አወጣችለት። መጀመሪያ ምላሷ ላይ የመጣው «ማን ጠየቀህ» ነበር። ግን ሰውየው ሰባ ዓመት አልፏቸዋል፤ ያሳደጓት እናት ደግሞ በሞት ቢለዩም እንዲህ ሲባል ዝም ብለው የሚሰሙ አልመሰላትም። መውጫው ላይ መጨረሻውን ቀየረችና እንዲህ ሆኖ ወጣ፦

«ማን ጠየቀዎት፣ ና።»

ቡችላው መጣ። የሱፍ ቆቡ ከአጥሩ በላይ ጠፋ።

በሰሜን ሸዋ አንቱ የተባለ የመጀመሪያው ውሻ ሳይሆን አይቀርም። ዘነበች ስድስት ዓመት የዋጠችውን ሁሉ በቀን አሥር ጊዜ ትለው ጀመር። «ማን ጠየቀዎት፣ ብላ። ማን ጠየቀዎት፣ ጫማዬን ልቀቅ።» ስትጠራው ሆዷ ቅልል ይላት ነበር። ጋሽ ወልደአረጋይ ግን የገባቸው አይመስልም ነበር፤ እንዲያውም ውሻውን በሙሉ ማዕረጉ ያስተናግዱት ጀመር። «ማን ጠየቀዎት፣ ይምጡ እስቲ። እንዴት አደሩ? እግርዎ ተሻለዎት?» ሲሉት ዘነበች ሰውየው አርጅተዋል አለች በልቧ።

ጾመ ነቢያት ገብቶ ቤቷ ወተት በጠፋ ጊዜ ከላማቸው እያለቡ ወተት በጣሳ በአጥሩ ላይ የሚያቀብሏት እሳቸው ነበሩ። እሳቸው ይጾማሉ። «እሱ ነፍስ አባት የለው፣ ማን ያዘዋል» አሉ። ክትባት ስትወስደው ሳይጠሩ ተከትለዋት የእንስሳት ክሊኒክ ድረስ ሄዱ። ካርድ የምትጽፈው ልጅ ቀና ሳትል፣

«ስሙ ማን ነው?» አለች።

«ማን ጠየቀዎት» አለች ዘነበች በቀስታ።

«እኔ ነኛ የጠየቅሁሽ። ካርድ ልጽፍ ነው።»

ጋሽ ወልደአረጋይ በዱላቸው ጠረጴዛውን ነካ አደረጉና፣ «ስሙ ነው ልጄ፤ እንዳለ ጻፊው። ስትጽፊ ግን አደራ፣ መጨረሻው ላይ ‹ዎት› ነው» አሉ። እስክትጽፍም ቆመው አዩ።

ጥር ላይ ዘነበችን ጉንፋን ጥሎ ለአራት ቀን አልጋ ላይ አዋላት። ተኝታ የምትሰማው የግቢዋ በር ሲከፈት፣ ከዚያ ቆጠራ፣ ከዚያ «ጎበዝ፣ ጨረሱ፤ አሁን ይግቡ» የሚል ድምፅ ነበር። በአምስተኛው ቀን ስትነሣ ቡችላው ቤት ውስጥ መሽናት ትቷል፤ ማደሪያውም ድርቆሽ ተጎዝጉዞበታል። ማንም ማንንም አልጠየቀም ነበር።

ከዚያ ወዲህ ስሙን መጥራት ይከብዳት ጀመር። «ቦቢ» ልትለው ሞከረች፤ ቡችላው ሌላ ሰው የመጣ መስሎት ወደ ኋላው ያያል። «መቻል» አለችው፤ ጆሮውን እንኳ አላነሣም። ውሻው ስሙን ለምዷል፤ እሷ ናት ያልቻለችው። በመጨረሻ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሄዳ ሁሉንም ልትነግራቸው ወሰነች። ይቅርታ ጠይቃ ሲያበቃ፣ «እስቲ ሌላ ስም ያውጡለት» ልትላቸው ነበር። በስድስት ዓመት ውስጥ ልትጠይቃቸው ያሰበችው የመጀመሪያው ነገር ይህ ነው። ጥሩንባው የተነፋው ከዚያ እሑድ በፊት፣ ሐሙስ ነው። ልባቸው ነው አሉ፤ ውሃ ስጪኝ ብለው ውሃው ሳይደርስ።

በሥልስቱ ዘነበች ድንኳኑ ውስጥ ከሴቶቹ ኋላ ተቀምጣ ነበር። በሩን መዝጋቷን እርግጠኛ ናት፤ ግን ያ የሳሙና ካርቶን ልጅ አጥሩ ሥር መሹለኪያ ነበረው። ድንኳኑ መሐል ድረስ ገባና አግዳሚ ላይ የተቀመጡትን የመሪጌታ ዘርአ ዳዊትን የዝንብ ጭራ ጫፉን ይዞ ይጎትት ጀመር። መሪጌታ ጭራቸውን አልለቀቁም፤ ቡችላውም አልለቀቀም።

«የማን ነው? ጥሩት እንጂ» አሉ መሪጌታ።

«የዘነበች ነው። ዘነበች፣ ጥሪው እንጂ» አለ አንድ ሰው።

ሁሉም ዞሮ አያት። ተነሣች። ፊቷ ነደደ። በሟቹ ድንኳን፣ በሟቹ ዘመዶች ፊት ያንን ስም አፍ ሞልቶ መጥራት ነው፤ ደግሞም ለመሪጌታው የተሰነዘረ መልስ ሊመስል ነው። እጇን አርገበገበች፤ ከንፈሯን መጠጠች። ቡችላው ጅራቱን እየወዘወዘ ጭራውን ጎተተ።

«ማን ጠየቀዎት፣ ይምጡ ወዲህ» የሚል ድምፅ ከፍራሹ በኩል መጣ።

የሟቹ ባለቤት እማማ ወለተ ጊዮርጊስ ናቸው። ለሦስት ቀን ከለቅሶ በቀር ቃል ያልወጣቸው ሴት ናቸው። ቡችላው ጭራውን ጥሎ ሄደና እግራቸው ሥር ተኛ። አንድ ሽማግሌ አንገታቸውን ወደ ካፖርታቸው ቀበሩ፤ ትከሻቸው ሲንቀጠቀጥ ያለቀሱ የመሰላቸውም ነበሩ።

ሰው ሲቀል ዘነበች ሄዳ ፍራሹ ጫፍ ላይ ተቀመጠች።

«እማማ፣ ይቅር ይበሉኝ።»

«ምን አደረግሽኝ?»

«ስሙን… ለጋሼ ብዬ ነበር ያወጣሁት።»

«እናውቃለን» አሉ እማማ። የቡችላውን ጆሮ ማሻሸት ያዙ። «መጀመሪያ የጠራሽው ዕለት ሮጦ ገባና አልጋው ላይ ተቀምጦ ሳቀ፤ እንባው እስኪወርድ። ተሰድበህ ምን ያስቅሃል ስለው፣ ‹ወለቴ፣ ይችን ልጅ ያሳደጓት ይባረኩ። ስድቧ እንኳ አንቱታ አለው› አለኝ። ‹ማን ጠየቀህ› ብትይው እኮ ለማንም ይሆን ነበር። ‹ዎት› ስትይ ከዚህ አጥር ወዲህ ሌላ አንቱ የሚባል ወንድ የለም።»

ዘነበች መሬት መሬቱን አየች።

«በቀን ስንቴ እንደጠራሽው ይቆጥር ነበር። ያልጠራሽ ጠዋት አሞሽ እንደሆን ሂጂ እያት ይለኛል። ጥር ላይም ያወቀው በዚያ ነው።»

ዘነበች ስሙን ልትቀይር ማሰቧን ብቻ ነገረቻቸው። እማማ ራሳቸውን ነቀነቁ።

«ተይው። አሁን ግን ዝም ብለሻል። ሦስት ጠዋት አዳመጥኩ፤ ማንኪያ ነው የምሰማው። ቤቱ እንዲህ ጭር ብሎ አያውቅም። ደህና ስትሆኚ እንደ ድሮው በአጥሩ በኩል ጥሪው፤ ጮክ ብለሽ።»

«እሺ እማማ» አለች ዘነበች።

ሰባቱ ወጣ፤ ፋሲካ አለፈ፤ አርባውም ወጣ። ቡችላው አድጓል፤ ሌሊት ይጮኻል፤ ልብስም ከገመድ ላይ መሰረቁ ቀርቷል። እማማ ጠዋት ጠዋት በርጩማቸውን አውጥተው አጥሩን ተጠግተው ይቀመጣሉ። ዘነበች ሳህኑን ይዛ ትወጣለች፤ አፏን ትከፍታለች፤ ከአጥሩ በላይ የሱፍ ቆቡን ታጣና ትቆማለች። እስከ ዛሬ ድረስ አልጠራችውም።