የአንጀት በርና የሞጣ ማር

የተማረ ሰው ስሕተት እንደ ማንም ሰው ስሕተት አይደለም። ያልተማረው ሲሳሳት ጎረቤት ያርመዋል፤ የተማረው ሲሳሳት ግን ጎረቤት አመስግኖ ይከተለዋል። ይህን የምላችሁ ሰው ለማማት አይደለም። ሐሜቱ ከእኔው ይጀምራል፤ እዚያው ያልቃል።

በደርግ ጊዜ ቢቸና ባዮሎጂ አስተምር ነበር። ከሁሉ የምወደው ትምህርት ስለ ህዋስ ገለፈት የሚያወራው ነው። ህዋስ ሁሉ በስስ የስብ ሽፋን የተጠቀለለ ነው፤ በስቡ ውስጥ ደግሞ ስኳሩን፣ ጨዉን፣ የሚያስፈልገውን ሁሉ እየመረጡ የሚያስገቡ በረኛ ፕሮቲኖች ተተክለዋል። ስቡ ታዲያ ወጥ አይደለም። ወተት ሲናጥ ቅቤው እዚህም እዚያም እንደሚሰባሰበው፣ አንዳንዱ ቦታ ጠጠር፣ አንዳንዱ ቦታ ላላ ይላል፤ በረኛውም እንደቆመበት ስብ ይበረታል ወይም ይሰንፋል። «ልጆች፣ በረኛውን ብቻ አትዩ፤ ዙሪያውን እዩ!» እያልኩ ጠመኔዬ እስኪያልቅ እጮህ ነበር። አዲስ መጽሐፍ አንብቤ ነዋ! ተማሪዎቹ ይጽፋሉ፤ እኔ በራሴ እኮራለሁ።

አንድ ክረምት ለመሠረተ ትምህርት ሞጣ ተላክሁና ከእትዬ እማዋይሽ ቤት አንድ ክፍል ተከራየሁ። ባላቸው በሚሊሺያነት ዘምቶ፣ የሦስት ዓመት ልጃቸውን አንተነህን ይዘው ማር እየነገዱ የሚኖሩ ሴት ናቸው። አንድ ጠዋት ልጁን ተቅማጥ ያዘው። ጤና ጣቢያ ቢወስዱት፣ በውኃ የሚበጠበጠው መድኃኒት አልቋል፣ ስኳርና ጨው በጥብጠው ያጠጡት ተብለው ተመለሱ። ጨው አለ። ስኳር የለም። ስኳር በዚያ ዘመን የሚገኘው ከቀበሌ ሱቅ፣ በሰልፍ ነው።

«መምህር፣ ማር አለኝ እኮ» አሉኝ። «በማር ብበጠብጠውስ?»

ጉሮሮዬን ጠረግሁ። ጨው በአንጀት በር ደህና አድርጎ የሚያልፈው ከስኳር ጋር ተያይዞ ነው፤ ውኃውም እነሱን ተከትሎ ይገባል። ይህን አሳምሬ አውቃለሁ። ስለ ማር ግን መጽሐፉ ላይ ያነበብኩት አልነበረም።

«እትዬ፣ ይኼ ሳይንስ ነው» አልኳቸው። «ስኳር ከተባለ ስኳር ነው።»

እንግዲህ ፍረዱ። የጎጃም ሰው መምህር ያለውን አያጥፍም፤ ለቅኔ መምህሩ ከሚሰጠው ክብር ለእኔም ለባዮሎጂው ተርፎኝ ነበር። ሴትዮዋም፣ ማር በማድጋ ሞልቶ ተቀምጦ፣ ልጁን ለእኔ ሰጥተው ሰልፍ ወጡ። ሳይቸግር ጤፍ ብድር ይሏል ይኼ ነው። ሱቁ አልተከፈተም፤ ቁልፉን የያዘው ሰው ስብሰባ ላይ ነው። ያኔ ደግሞ ስብሰባ መች ያልቅ ነበር? በማግስቱም ተሰለፉ። እኔ ልጁን በማንኪያ ባዶ ውኃ አጠጣዋለሁ። ዓይኑ ጎደጎደ፤ ቆዳው ሲቆነጠጥ እንደተቆነጠጠ ይቀራል። ከሰዓት በኋላ ስኳሩን በነጠላቸው ጫፍ ቋጥረው እየሮጡ መጡ። አንተነህ አልጠበቃቸውም።

ቢቸና ስመለስ መጽሐፉን እንደገና ገለጥሁት። በረኛው የሚፈልገው ግሉኮስ ነው፤ ግሉኮስ ማር ውስጥ ሞልቷል። ይህን እኮ አላውቅም ነበር ማለት አልችልም፤ ማር ከምን እንደተሠራ ለዘጠነኛ ክፍል ያስተማርኩት እኔው ነኝ። ግን ያ እውቀት ቢቸና ጥቁር ሰሌዳው ላይ ቀርቷል፤ ሞጣ ድረስ አልተከተለኝም። ራሴን ጠላሁ። እህል አልበላ አለኝ። ትምህርት ሲከፈት ክፍል ገብቼ «ገለፈት» የሚለው ላይ ስደርስ ጠመኔዬን አስቀምጬ እወጣለሁ፤ ተማሪዎቹ ጉንፋን የያዘኝ ይመስላቸዋል።

ኅዳር ሲገባ እትዬ እማዋይሽን ልጠይቃቸው ሞጣ ሄድሁ። እውነቱን ነግሬ ይቅርታ ልለምናቸው ነበር፤ መንገዱን ሁሉ ቃሉን ሳሰናዳ ነው የሄድሁት። ገና ከመቀመጤ ቀደሙኝ።

«መምህር፣ እርስዎ የተማሩ ነዎት፤ እውነቱን ይንገሩኝ። እንዲያው ያን ለት ማሩን ብሰጠው፣ ይተርፍልኝ ነበር?»

ፊታቸውን አየሁ። ከስተዋል። ከዚያ ቀን ወዲህ እንቅልፍ ያገኙም አይመስሉም።

«አይተርፍም ነበር» አልኳቸው።

ሁለት እጃቸውን ወደ ላይ ዘርግተው «ተመስገን! እኔው ገደልኩት እያልኩ እኮ ነው የከረምሁት» አሉና ጉልበቴን ስመው መረቁኝ።

ለእሳቸው ብዬ ነው የዋሸሁት እላለሁ። እናንተም እንዲያ በሉልኝ።